ያሸነፍን መስሎን

«ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ፣ ጠዋት የብስክሌት ልምምድ እያለብኝ፣ የጸሎት ጊዜ ከየት ላምጣ?» የምትሉ አላችሁ አይደል?

አና ኪዘንሆፈር ኦስትሪያዊት የሒሳብ ምሁር ናት። ብስክሌት መወዳደር የጀመረችው ስፔን ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቷን እየተማረች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ኦሎምፒክ ስትሄድ ደመወዝ የሚከፍላት ቡድን አልነበራትም፤ ልምምዷንም አመጋገቧንም የምታቅደው ራሷ ነበረች። የ137 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሲጀመር ገና ከመነሻው አመለጠች፤ ወርቁንም ወሰደች! ሁለተኛ የገባችው ሆላንዳዊቷ አኔሚክ ፋን ፍሉተን ግን እጇን ዘርግታ ጨፈረች፤ አንደኛ የወጣች መስሏት እኮ ነው።

ወገኖቼ፣ ለአና ቀኑ 25 ሰዓት አልሆነላትም። ለምትፈልገው ነገር ሰዓት መደበች እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፦ ሯጭ ለሚጠፋ አክሊል ራሱን ከገዛ፣ እኛማ ለማይጠፋው እንዴት አብልጠን!

መማር ኃጢአት አይደለም፤ ብስክሌትም አይደለም። አእምሮውንም እግሩንም የሰጠን ጌታ ነው። ችግሩ ለሰጪው ፍርፋሪ ሰዓት ስንተውለት ነው። «ስመረቅ አገለግላለሁ» አትበሉ፤ ከምረቃ በኋላ ሥራ አለ፣ ትዳር አለ፣ ልጅ አለ።

ዲግሪው በእጅ፣ ሜዳሊያው በአንገት ሆኖ፣ ያለ ኢየሱስ መስመሩ ላይ ደርሶ እጅ ማንሳት ምን ይረባል? ዛሬውኑ የሳምንቱን ፕሮግራማችሁን ጻፉ፤ ከክፍሉም ከልምምዱም በፊት የጸሎቱን ሰዓት አስገቡ። ጌታ ጸጋውን ያብዛላችሁ። አሜን!