ጥሩ የዘይት ፊልትሮ መምረጥ የጋራ ሀብትን መጠበቅ ነው
(በሐዋሳ ከተማ ለዩኒየኑ የምሥረታ በዓል የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ቡና ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህ ንግግር ግን ቡናውን ተሸክሞ ስለሚሄደው መኪና፣ በተለይም ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ሞተር ዘይት ፊልትሮ ነው። በሲዳማ የቡና ለቀማ ወቅት ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ አለበት። አይሱዙው ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ ወዲህ ሞተሩ ተበላሽቶ መንገድ ላይ ካደረ፣ የጫነው እሸት ይግላል፣ ይብላላል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ጥራት በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

የሞተር ዘይት ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ያጥባልም። ሲዞር የብረት ብናኝ፣ የናፍጣ ጥላሸትና ከውጭ የገባ አቧራ ይሰበስባል። ይህን አጣርቶ የሚያስቀረው ፊልትሮው ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የመኪና ዘይት ማጣሪያ እስኪያወጣ ድረስ የዘመኑ ሞተሮች ቶሎ ቶሎ ይበሉ ነበር። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ኩሽኔታን በብዛት የሚበላው ብናኝ ግን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ስለሆነ በዓይን አይታይም።

«ታዲያ ጥሩው ማርካ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በየጋራዡ ይነሳል። መልሱ አንድ ስም ብቻ አይደለም። የጀርመኖቹ ማን ፊልተርና ቦሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተው የአሜሪካው ዶናልድሰን፣ ስሙ ጃፓንኛ ሆኖ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሚመረተው ሳኩራ በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። የመኪና ፋብሪካዎችም በራሳቸው ስም የሚሸጡትን ፊልትሮ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አምራች ያሠራሉ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ካለው ስም ባሻገር የሚከተሉትን ማየት ይገባል።

አንደኛ፣ የመለዋወጫ ቁጥሩ ከሞተሩ ዓይነት ጋር መስማማት አለበት። ጥርሱ ስለገባ ብቻ ፊልትሮው ልክ ነው አይባልም። በውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊት ከሞተር ሞተር ይለያያል። ቫልቩ ያለጊዜው ከተከፈተ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል፤ ካልተከፈተ ደግሞ ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ዘይት ያጣል።

ሁለተኛ፣ የማጣራት አቅሙ በመቶኛ መገለጽ አለበት። «20 ማይክሮን» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። የዚያን መጠን ብናኝ ግማሹን የሚያስቀርም 99 በመቶውን የሚያስቀርም ያንኑ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ደረጃ አይኤስኦ 4548 ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይት እንዳይመለስ የሚይዘው ጎሚኒ ነው። ይህ ደካማ ከሆነ ጠዋት ሲነሳ የዘይት መብራቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ሞተሩም ለጥቂት ሰከንዶች ያንኳኳል። በየቀኑ የሚደጋገም ጉዳት ነው።

አራተኛ፣ ፎርጅድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። የካርቶኑና የቆርቆሮው ቁጥር አለመመሳሰል፣ የደበዘዘ ኅትመት፣ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ የውስጥ አካል፣ ከገበያው እጅግ የወረደ ዋጋ ምልክቶቹ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ፊልትሮ መግዛት ይህን መብት በገዛ እጅ መጣል ነው።

እዚህ ላይ የግዥ ኮሚቴዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ የተለመደ አሠራር ነው፤ ለሒሳብ ምርመራም ይመቻል። ነገር ግን በመጠየቂያው ላይ «የዘይት ፊልትሮ፣ 20 ፍሬ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚወዳደረው ዋጋ እንጂ ዕቃው አይደለም። የመለዋወጫ ቁጥሩ፣ አምራቹ፣ የተሠራበት አገርና የሙከራ ደረጃው በግልጽ ሲጻፍ ነው ዝቅተኛው ዋጋ እውነተኛ ቁጠባ የሚሆነው። በፊልትሮ የዳነ ገንዘብ ሞተር ወርዶ ሲሠራ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ የሚከፍለውም አባሉ ነው። ግዥው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ቢጠናቀቅ ደግሞ በጥድፊያ የተገኘውን ከማንሳት ያድናል።

የተመረጠው ፊልትሮም በአግባቡ ካልተገጠመ ዋጋ የለውም። አሮጌው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ አለመቅረቱ ይታያል፤ አዲሱ ጎሚኒ ንጹሕ ዘይት ይቀባል፤ ከዚያም በአምራቹ መመሪያ መሠረት በእጅ ይጠብቃል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ፊልትሮውም ይቀየራል። በአቧራና በዳገት፣ ከባድ ጭነት ይዞ የሚሠራ መኪና በመመሪያው ላይ «ከባድ አገልግሎት» ተብሎ የተጻፈውን አጭር ጊዜ መከተል አለበት።

በመጨረሻም አሮጌው ፊልትሮ የትም አይጣል። ሌሊቱን ሙሉ ተገልብጦ ይንጠፍጠፍ፤ ዘይቱም በበርሜል ይጠራቀም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውኃ ይዞት የገባው ዘይት እዚያው ይቀራል። ዓሣውም የሚበላው ከዚያው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሞተር ከመቃጠሉ በፊት ፊልትሮን ማየት ይቀላል። መልካም የምሥረታ በዓል፤ መጪው የለቀማ ወቅትም መኪናው ሳይቆም፣ ቡናው ሳይበላሽ የሚገባበት ይሁን።