የጭድ ፍራሽ ለምን ይሞቃል?

የዛሬው ርዕሳችን የጭድ ፍራሽ ነው። አዎ፣ ስፖንጅ ከመለመዱ በፊት ብዙዎች ያደጉበት የጭድ ፍራሽ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠንካራ ጨርቅ ወይም ጆንያ እንደ ከረጢት ይሰፋል። ከዚያ ጭድ ይጠቀጠቅበታል። በአዳማ ዙሪያ ጤፍ ስለሚዘራ የጤፍ ጭድ አይጠፋም፤ ለስላሳም ነው። ፍራሹ መደብ ላይ ወይም በጠፍር በተወጠረ አልጋ ላይ ይነጠፋል። ፍራሽ የሌለው ደግሞ ቁርበት ወይም ሰሌን ያነጥፋል።

ታዲያ የጭድ ፍራሽ ለምን ይሞቃል? እስቲ ጋቢን አስቡት። ጋቢ የሚያሞቀን በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ጭዱም እንደዚያው ነው። በመካከሉ የታሰረው አየር የሰውነታችን ሙቀት ወደ መሬት እንዳያመልጥ ያግደዋል። ጭዱ ሲደቅ ግን አየሩ ይወጣል። የጭድ ፍራሹም ይጎረብጣል፣ ይቀዘቅዛል። እርጥበት ከያዘ ደግሞ ይሻግታል፤ ቁንጫም ይራባበታል። ለዚህ ነው እናቶቻችን ፀሐይ ላይ ያሰጡትና ይደበድቡት የነበረው። አዲስ እህል ሲወቃም አሮጌውን ጭድ ይቀይሩት ነበር። ይህ ትልቅ የቤት ሙያ ነው፤ ክብር ይገባዋል።

አድማጮች፣ እናት አባቶቻችሁን ስለ ጭድ ፍራሽ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉልን።