መድኃኒት የለመደው የአንጀት ተስቦ
ለድርጅታችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር



በበሽታና በችግር ለተጎዱ ሰዎች መድኃኒት እንድንገዛ እርዱን ብለን ብዙ ጊዜ ጠይቀናችኋል፤ እናንተም ሳትሰስቱ ሰጥታችኋል። ዛሬ ግን ስለዚሁ መድኃኒት አንድ የሚያሳስብ ነገር ልነግራችሁ እወዳለሁ። ይኸውም የአንጀት በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱት መምጣታቸው ነው።

ታይፎይድ ወይም የአንጀት ተስቦ መድኃኒት ሳይገኝለት በፊት ከያዛቸው 100 ሰዎች 10 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑትን ይገድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ፣ ለሳምንታት በትኩሳት ሲነድ ይሰነብት የነበረው በሽተኛ በጥቂት ቀናት ይሻለው ጀመር። ዳሩ ግን ደስታው አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሜክሲኮ በተነሣው ወረርሽኝ ተስቦው ለክሎራምፌኒኮል አልበገር አለ። ሐኪሞች ወደ ሌሎች መድኃኒቶች ዞሩ፤ ተውሳኩም እነዚያን ተራ በተራ ለመዳቸው።

የነገሩን ክብደት ይበልጥ ያሳየችው በፓኪስታን፣ በሲንድ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሃይደራባድ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ የታየው ታይፎይድ ለአምፒሲሊን፣ ለክሎራምፌኒኮል፣ ለኮትራይሞክሳዞል፣ ለሲፕሮፍሎክሳሲን፣ እንዲሁም በመርፌ ለሚሰጠው ለሴፍትሪያክሶን እንኳ የማይበገር ሆኖ ተገኘ። በአፍ ከሚወሰዱት መካከል አስተማማኝ ሆኖ የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ በደም ሥር የሚሰጥ ውድ መድኃኒት ያስፈልጋል። በቀን ሥራ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት ይህን ከየት ያመጣል? በሽታው ወደ ካራቺ ተዛመተ፤ በመንገደኞችም አማካይነት እስከ እንግሊዝና እስከ አሜሪካ ደረሰ።

ተውሳኩ ይህን ኃይል ከየት አገኘው? ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገለጹት፣ ፕላዝሚድ የተባለች ትንሽ የዘር ቀለበት ከሌላ ባክቴሪያ ሳይቀበል አልቀረም። ይህች ቀለበት ኢ ኮላይ በተባለው በአንጀት ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ላይ ከተገኘችው ጋር በጣም ትመሳሰላለች። የጃፓን ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1959 የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላና ኢ ኮላይ መድኃኒት የመቋቋም ችሎታን እርስ በርሳቸው እንደሚቀባበሉ አይተው ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት እንደሚጫጫር ማለት ነው።

እንግዲህ እሳቱን የምናቀጣጥለው እኛው ነን። ለጉንፋንም፣ ለቀላል ተቅማጥም፣ ለራስ ምታትም ሐኪም ሳያዝ ፀረ ባክቴሪያ እየተገዛ ሲዋጥ ደካሞቹ ተውሳኮች ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የቻሉት ግን ቀርተው ይራባሉ። ቆሻሻ ወደ መጠጥ ውኃ ሲገባም እነዚያው የበረቱት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ያላግባብ የወሰደው አንድ ሰው ቢሆንም ጉዳቱ የሚደርሰው በጎረቤቱ ልጅ ላይ ጭምር ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሕንድ፣ በቦንጋኦን የስደተኞች ሰፈር ኮሌራ ሲገባ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በውኃ የተበጠበጠ ጨውና ስኳር በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ። ከ100 በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዛሬም በከረጢት የሚሸጠው የተቅማጥ ንጥረ ነገር ባይገኝ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የማይበርድ ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት እንደታዘዘው ይውሰድ።

ሁለተኛ፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት መከላከል ነው። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ በማስገባት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። በሲንድም ከ9 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በዘመቻ ተከተቡ። ያልታመመ ልጅ መድኃኒት አያሻውም፤ መድኃኒት ያላየ ተውሳክም አይለምደውም።

ወገኖቼ፣ አንድ ሣጥን መድኃኒት ስንልክ ደስ ይለናል፤ የሚታይ ነገር ነውና። ምንጭ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈር፣ ሳሙና ማደል ግን ተራ ሥራ ይመስለናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ነገም እንዲያድን የሚጠብቁልን እነዚህ ናቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለጉድጓድ ውኃ ወይም ለመጸዳጃ ቤት እርዳታ ስንጠይቃችሁ፣ ለበሽተኞች እንደምትሰጡ ቆጥራችሁ ስጡ።