አፈር የሚይዘውና አፈር የሚለቀው
ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር





ከጥቂት ዓመታት በፊት በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ይዞታ ያለው አንድ ደብር አትክልት እንዲያለማ የመከርነው እኛው ነበርን። ዓላማው ከጎመንና ከሰላጣ ሽያጭ የአብነት ተማሪዎችን ቀለብ መሸፈን ነበር። ሥራው ሲጀመር አንድ አረጋዊ የኮሚቴ አባል «ልጆቼ፣ በዚህ ውኃ ላይ ከላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል፤ እንዴት ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም «አፈሩ ያጣራዋል» ብለን መለስን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ያ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ እንደነበረ ለመናገርና የጎደለውን ለማሟላት ነው።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን ግማሽ እንመልከት። ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይዘው ይወርዳሉ። በዚያ ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶች ይገኛሉ። እርሳስና ካድሚየም በውኃ ውስጥ ሲሟሙ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይኖራቸዋል። የጥቁሩ ዋልካ አፈር የሸክላ ቅንጣት ደግሞ ገጹ አሉታዊ ሙል ስላለው ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ቅንጣቱ እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች የተደራረበ በመሆኑ፣ የአንድ ግራም ገጽ ቢዘረጋ ብዙ መቶ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ አፈር ብዙ መርዝ መያዙ እውነት ነው።

ነገር ግን አያያዙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በነጠላ ላይ እንዳረፈ አቧራ ነው፤ ብረቱ በሸክላው ገጽ ላይ በመሳሳብ ብቻ ስለሚቆይ፣ እንደ ካልሲየም ያለ ሌላ ንጥረ ነገር በብዛት ሲመጣ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ሁለተኛው ጨርቅ ውስጥ እንደገባ ቀለም ነው፤ ለቀይ አፈር መልኩን የሚሰጠው የብረት ዝገት እርሳስን የመሰለውን ብረት ከገጹ ጋር በኬሚካዊ ትስስር አጥብቆ ያስረዋል። ካድሚየም ከእርሳስ ይልቅ በልል ስለሚያዝ በቀላሉ ወደ ሥርና ወደ ቅጠል ይሻገራል።

ያልተናገርነው ግማሽ ደግሞ አፈር የያዘውን የሚለቅ መሆኑ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን የአሲዱ ሃይድሮጂን የመያዣውን ቦታ ይሻማል፤ እርሳሱና ካድሚየሙም ወደ ውኃው ይመለሳሉ። በክረምት ውኃ ተኝቶ አየር ሲጠፋ የብረት ዝገቱ ራሱ ሊሟሟ፣ ይዞት የነበረውንም ሊለቅ ይችላል። የመያዣው ቦታም ወሰን አለው፤ በየዓመቱ ሲጨመርበት ይሞላል። እነዚህ ብረቶች አይበሰብሱም፣ በእሳትም አይጠፉም። አትክልቱን በሆምጣጤ ማጠብ በቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራ ይቀንሳል እንጂ ወደ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ውኃውን ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ብረቱን አያስወግድም።

«ኖራ ብንጨምርበትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አሲዳማ ለሆነ አፈር ኖራ እርሳስንና ካድሚየምን ለመያዝ ይረዳል። አርሰኒክና መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት ግን በውኃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ስላላቸው ጠባያቸው ተቃራኒ ነው፤ የአፈሩ አሲዳማነት ሲቀንስ ይበልጥ ይለቀቃሉ። እንግዲህ ሳያስመረምሩ ኖራ መበተን አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወንዝ ዳር ይዞታ ያላችሁ ሁሉ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ በትሕትና እናሳስባለን። ከመትከላችሁ በፊት አፈሩንም ውኃውንም በላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ የውኃው መጥራት ማስረጃ አይሆንም። አብዛኛው ብረት ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ፣ ከወንዙ የተጠረገ ጭቃ ማዳበሪያ ነው ተብሎ በመደብ ላይ አይበተን። መሬቱ ተበክሎ ከተገኘ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን አይተከልበት፤ ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ፍሬያቸው ከሚበላው ይልቅ ካድሚየም ያከማቻሉና። በዚያ ቦታ የወይራ፣ የጽድና የዝግባ ችግኝ ማፍላት ይቻላል። ለምግብ የሚሆነው አትክልት ግን ወንዙ ባላጠጣው መሬት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይልማ።

ይህ ለውጥ ገቢ እንደሚቀንስ እናውቃለን። ችግኝ እንደ ሰላጣ በየሳምንቱ አይሸጥም፤ የተማሪዎቹ ቀለብ ግን በየዕለቱ ያስፈልጋል። ያንን ክፍተት ደብሩ ብቻውን እንዲሸከም መተው አይገባም፤ የመከርነው እኛ ነንና የሽግግሩን ወጪ በዕቅዳችን ውስጥ ማካተት ግዴታችን ነው። ሰላጣውን በገበያ የሚገዛው ምእመን ከየት መሬት እንደበቀለ አያውቅም፤ የሚገዛው የቤተ ክርስቲያንን ስም አምኖ ነው። ያን እምነት ለጥቂት ወራት ገቢ ብለን ልናጎድለው አንችልም።

ወደ አረጋዊው አባታችን ተመልሰን «አፈሩ ይይዛል፤ ነገር ግን እስከ ጊዜው ነው» ብለናቸዋል። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው የችግኙን መደብ ከየት እንጀምር?» አሉን።