ለጨፋሪ ምን ይሸለማል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በባህል ክበብ አባሎች ስም የተነገረ)



የማኅበሩ ጸሓፊ የሰጠን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ከእኛ በፊት በዚሁ መድረክ የቆሙት ወንድሞቻችን ስለ ምግብ አዳራሹና ስለ መጻሕፍት ቤቱ የመዝጊያ ሰዓት ተናግረው በብርቱ ተጨብጭቦላቸዋል። እኛ የመጣነው ስለ እስክስታ ልንናገር ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ የታያቸው እንዳሉ ፈገግታቸው ከወዲሁ ይነግረናል። ነገር ግን የባህል ምሽታችን ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ስለ ሆነ፤ ከዚያም በላይ ባለፈው ዓመት ምሽት የሠራነው ስሕተት እስከ ዛሬ ስላልታረመ፤ ዝም ማለት አልተቻለንም።

አስቀድመን ስሕተቱን እንናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን የጎጃሙን እስክስታ ለብቻዋ እንድትወርድ መደብናት። ሦስት ወር ሙሉ ተለማምዳ ነበር። መድረክ ወጥታ ትከሻዋን መስበቅ እንደ ጀመረች አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ወዲያው ከፊተኛው መደዳ አንድ ተማሪ ዘሎ ወጣና የመቶ ብር ኖት በምራቁ አርጥቦ በግንባሯ ላይ ለጠፈላት። እርሱን አይተው ሌሎች ተከተሉ። አራተኛው ሰው ግን ግንባሯ አልበቃው ብሎ ኖቱን በቀሚሷ አንገት ሊከት እጁን ሰደደ። ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ምቱ አመለጣት፤ ትከሻዋም ቆመ። ከበሮ መቺው ሊመልሳት ሁለት ጊዜ ከመነሻው መታላት፤ አልሆነም። ሕዝቡም እንደ ቀልድ ቆጥሮ ሣቀ። እርስዋ ከመድረክ ስትወርድ ገንዘቡን ከወለል የለቀምነው እኛ ነን፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ነበር። ለእርስዋ መስጠት ሲገባን በማግሥቱ ለክበቡ አባሎች ለስላሳና ሳምቡሳ ገዛንበት። እርስዋ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህም በልምምድ ቦታ አልታየችም።

ከዚያ በኋላ በክበባችን ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ገንዘብ በግንባር መለጠፍ የመጠጥ ቤት ልማድ ነውና ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ፈጽሞ ይወገድ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «አያቶቻችን በሠርግና በክርስትና ሲሸልሙ የኖሩበትን ነገር ዲግሪ ልንይዝ ነው ብለን ልናፍርበት አይገባም» ስንል ተከራከርን። ሁለቱም ወገን ራሱን ትክክለኛ አድርጎ ስለ ቆጠረ ሦስት ስብሰባ በከንቱ ባከነ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱም ወገን ልጅቱን ሄዶ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በመጨረሻ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ወደ አዝማሪ ቤት ሄድን። (ለጥናት ነው የሄድነው፤ መምህሮቻችን ይመኑን።) በዚያ ያየነው ነገር ከጠበቅነው የተለየ ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በእንግዶቹ መካከል እየዞረ ለየሰዉ ስንኝ ይቋጥርለታል። ጨፋሪዋም ከአንዱ እንግዳ ፊት ትቆምና ትከሻዋን ታንቀጠቅጣለች። እንግዳው ተነሥቶ፤ ቢችልም ባይችልም፤ ባቅሙ ትከሻውን ይመልስላታል። እጁ ወደ ኪሱ የሚሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ የአንድ ጭውውት ፍጻሜ ነው ማለት ነው፤ እርስዋ ጠየቀችው፤ እርሱ መለሰላት፤ በመልሱም ላይ ኖት ጨመረበት። ግንባሯን ቀና አድርጋ የምትቀበለው ስትፈቅድ ነው። ያልፈቀደች እንደ ሆነ በእጇ ትቀበላለች፤ ወይም ለአዝማሪው እንዲሰጥ በዓይኗ ታመለክታለች። አንድ የሰከረ ሰው ከዚህ ሥርዓት ሊወጣ ሲሞክር አዝማሪው በግጥም ሸንቆጥ አድርጎት ቤቱ ሁሉ ሲሥቅበት አይተናል። በእኛ አዳራሽ ግን የተሣቀው በማን ላይ እንደ ነበረ ከላይ ተናግረናል።

ደግሞም ይህ ገንዘብ ለብዙዎች እንጀራ መሆኑ አይዘንጋ። ዛሬ በውጭ አገር መድረኮች ሁሉ ስሙ የታወቀው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ፤ በካዛንቺስ በነበረው በፈንድቃ አዝማሪ ቤት፤ ደመወዝ ሳይኖረው ለዓመታት በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፤ ሌሊቱንም እዚያው እያደረ ኖሮአል። ኋላም ያንኑ ቤት ራሱ ይዞ ወደ ባህል ማዕከልነት አሳደገው፤ ኢትዮከለር የተባለውንም ቡድን አቋቋመ። እንግዲህ በግንባር የተለጠፈ ኖት ሁሉ ውርደት ነው ብንል እንዲህ ባለው ሰው ድካም ላይ መፍረድ ይሆንብናል። «ይወገድ» ስንል የነበርን ወገኖች በዚህ ተረትተናል።

የቴያትር መድረክ ግን ሌላ ሕግ አለው። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ከተቋቋመ ወዲህ፤ በ1948 ዓ.ም.ም ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ከተከፈተ ወዲህ፤ ጨፋሪና ተመልካች በመጋረጃና በመብራት ተለያይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ግብፅ ተወልዶ ያደገው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ባቋቋመ ጊዜ፤ ክራሩ፤ መሰንቆው፤ ዋሽንቱ፤ በገናውና ከበሮው በአንድነት የተሰለፉት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሕዝብ ነበር። እንዲህ ባለው መድረክ፤ ምንም እንኳ ዛሬም ደረጃውን ወጥቶ የሚሸልም ባይጠፋ፤ ጨፋሪው ተመልካቹን አንድ በአንድ አያየውም፤ መብራቱ ዓይኑን ይይዘዋል። ከጨለማ ውስጥ ድንገት የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል። የእኛ አዳራሽ አዝማሪ ቤትም ቴያትርም አይደለም። እኛ ከቴያትሩ መብራቱን፤ ከአዝማሪ ቤቱም ኖቱን ብቻ ወስደን፤ የሁለቱንም ሥርዓት ትተናል። ጥፋታችን እዚህ ላይ ይመስለናል።

ለጨፋሪ ፍቅርን መግለጥ የሚያስቸግረው እኛን ብቻ አይደለም። ማሪ ታልዮኒ የተባለች የባሌ ጨፋሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ከሩሲያ ስትሰናበት ወዳጆቿ የጨፈረችበትን ጫማ በጨረታ ገዝተው፤ አስቀቅለው በስጎ በሉት ተብሎ ይተረካል። እውነት ይሁን ተረት፤ ይህ ግብዣ ለእርስዋ ምን እንደ ጠቀማት አልተጻፈም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ነገር እንሻገር። በሦስት ሳምንት ውስጥ መድረክ የሚወጡት ብዙዎቹ አዲሶች ናቸውና ይህን ክፍል በተለይ ያዳምጡን። ሰው በሕዝብ ፊት ሲቆም ልቡ ይመታል፤ አፉ ይደርቃል፤ እጁ ይቀዘቅዛል። «ድፈር! አትፍራ!» ብሎ መምከር ለዚህ ብዙም አይረዳም። ሮበርት ዛየንስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1965 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፤ ተመልካች መኖሩ ሰውነትን ያነቃቃል፤ ይህም ንቃት ሰው አጥብቆ የተማረውን ነገር ሲያሻሽልለት ገና ያልበሰለበትን ያበላሽበታል። በ1969 ደግሞ እርሱና ባልደረቦቹ ነገሩን በበረሮ ፈተኑት። በረሮዎቹ በቀጥተኛ መንገድ ሲሮጡ ሌሎች በረሮዎች ቢያዩአቸው ፈጠኑ፤ መታጠፊያ ባለበት መንገድ ሲሮጡ ግን ተመልካች ሲኖር ዘገዩ። ከበረሮ ጋር መመሳሰሉን የማይወድ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ባለፈው ዓመት በመታጠፊያው ላይ ቆመን ስላየነው አንክደውም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለልምምዳችን ነው። ጭፈራውን «ችዬዋለሁ» እስኪሉ ብቻ መለማመድ አይበቃም፤ ሰው እያወራ፤ በር እየተንኳኳ፤ መብራት እየጠፋ (ይህኛውስ በእኛ ዘንድ ልዩ ዝግጅት አያሻውም) እስኪወርዱት ድረስ መለማመድ ያስፈልጋል። በተለይም ምት ሲያመልጥ እንዴት እንደሚመለሱ ራሱን አስችሎ መለማመድ ይገባል። ባለፈው ዓመት እኅታችንን ይህን አላስተማርናትም። ምቱ ያመለጠው ጨፋሪ ትከሻውን አሳርፎ በእግሩ ብቻ ከከበሮው ጋር ቢራመድ፤ አንገቱንም በዝግታ ቢሰብቅ፤ ሕዝቡ አስቦበት ያደረገው ይመስለዋል። ከበሮውም ዞሮ ሲመጣ ትከሻው ይገባል። የቆዩ ተወዛዋዦች ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ግን ካልተጠየቁ አይናገሩትም።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው በጥርሱ መካከል «እስ! እስ!» እያለ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰምታችኋል። አዲሶቹ ይህን ጌጥ ብቻ መስሎአቸው ይተዉታል፤ ወይም ያፍሩበታል። ነገር ግን የፈራ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ትከሻው ይጠነክራል፤ የጠነከረ ትከሻም አይንቀጠቀጥም። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ እየጨፈርን ትንፋሽ መያዝ ደግሞ ራስን ማድከም ነው። ስለዚህ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆማችሁ «እስ» ማለት ጀምሩ፤ ማንም አይሰማችሁም።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንናገር። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ በ2014 ባሳተመችው ጥናት፤ በሰው ፊት ሊዘፍኑ ከተዘጋጁ ሰዎች መካከል «ተደስቻለሁ፤ ጓጉቻለሁ» ያሉት «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፍነዋል። የልብ ምቱ ያው ነው፤ የሚለየው ስሙ ነው። ጓደኛውን ከመጋረጃ ኋላ «ፈራህ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ዘንድሮ አፉን ይዝጋ።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ለጨፋሪ ምን ይሰጠዋል? በዚህ ጊዜ ክርክሩን ትተን ጨፋሪዎቻችንን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። አበባ ያለ የለም። ከሁሉ በላይ ብዙዎቹ የጠየቁት ጋቢ ነው። እኛ ያላሰብነውን ነገር አስረዱን፤ አንድ ጨፋሪ በላብ ተነክሮ ከመድረክ ይወርድና በብርዱ ኮሪደር ላይ ሩብ ሰዓት ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ሰውነቱ ደርቆ ነው። አንድ ጋቢ ይዞ በሩ ላይ የሚጠብቅ ጓደኛ ከአምስት መቶ ብር ይበልጥበታል። የጉራጌውን ጭፈራ የሚጫወተው ወንድማችን፤ ሥራው ሁሉ በእግር ስለ ሆነ፤ የማያንሸራትት ሸራ ጫማ ለመነ። ባዶ እግራቸውን የሚወጡት ደግሞ ወለሉን ጠርጎ ሚስማር የሚለቅም ሰው ጠየቁ፤ ይህ ስጦታ ገንዘብ አይፈልግም፤ መጥረጊያ ብቻ ይፈልጋል። ከሴቶቹ አንዷ በጨዋታ መካከል የማይፈታ ረጅም መቀነት ብላለች።

ሁላቸውም በአንድ ድምፅ የተናገሩት ግን ስለ ከበሮ ነው። እስከ ዛሬ የሚለማመዱት በስልክ በተቀዳ ዜማ ነው። የተቀዳው ዜማ ለማንም አይጠብቅም፤ የመድረኩ ከበሮ ግን ይጠብቃል፤ ያፋጥናል፤ ያዘገያል። በተቀዳ ዜማ ብቻ የሠለጠነ ጨፋሪ ለከበሮው እንግዳ ሆኖ ይወጣል። የሙዚቃ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችን በሳምንት ሁለት ምሽት ከበሮ ቢመቱልን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ቆዳው በእርጥበት እንዳይላላ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ማዋሉን እኛ እንወስዳለን።

እኅታችንንም በመጨረሻ ሄደን ጠየቅናት፤ በአሥር ወራችን መሆኑ ነው። ጋቢም ገንዘብም አላለችም። «ጨርሼ እጅ እስክነሣ ድረስ ጠብቁኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ስለዚህ ለዘንድሮው ምሽት የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ጨፋሪው እጅ ነሥቶ ሳይጨርስ ማንም ወደ መድረክ አይወጣም፤ መምህርም ቢሆን። ከጨረሰ በኋላ መብራቱ በአዳራሹ ይበራል፤ ሊሸልም የወደደ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ዙር ትከሻውን እንዲመልስ እንጠይቃለን። ይህን ስንል የሣቃችሁ ሁሉ ዘንድሮ እንደምትሸልሙ ተስፋ እናደርጋለን። በግንባሩ መቀበል የማይፈልግ ጨፋሪ ሙዳይ ይዞ ይቆማል። ገንዘቡም በዚያው ሌሊት ተቆጥሮ ለጨፋሪው በእጁ ይሰጠዋል፤ ክበቡ ሳንቲም አይነካም። በዚህ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ከአባሎቻችን ሁለቱ አልተስማሙም፤ የመብራትና የልብስ ኪራይ ከየት ይከፈላል ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከጨፋሪ ግንባር ላይ መፈለግ የለበትም፤ ከማኅበሩ ካዝና እንጂ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እዚህ ስላሉ ነገሩን አደራ እንላለን።

ያለፈውን ዓመት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ደግሞ ከየኪሳችን እያዋጣን ነው። እስከ ትናንት ማታ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ደርሶአል፤ ሳምቡሳውን በልታችሁ ያላዋጣችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ልምምድ ላይ እኅታችን መጥታ ከኋለኛው ወንበር ተቀምጣ ነበር። ከበሮው ሲመታ እግሯ ወለሉን ሲመታ ሰምተናል፤ ጫማዋን ግን አላወለቀችም። ልምምዱ ማክሰኞና ዐርብ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።