ከግዥ በፊት ምርመራ፦ የኢቤይ ሁለት ጥማዶች



በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ አስቀድሞ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ቀጥሎም በቤቱ ካለው በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ይጠመድ እንደሆነ ያመዛዝናል። ብርቱ በሬ ሁሉ ጥሩ ጥማድ አይሆንምና። ኩባንያ ኩባንያን ሲገዛም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ፒየር ኦሚድያር የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያ ኋላ ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ሐራጅ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ሲጀምር፣ በመጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ በ14.83 ዶላር የወጣ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። ድርጅቱ መጋዘንም ሆነ የራሱ ሸቀጥ አልነበረውም። ሀብቱ የማይተዋወቁ ገዥና ሻጭ ተማምነው መገናኘታቸው ነበር። ገዥ ሲበዛ ሻጭ ይመጣል፤ ሻጭ ሲበዛም ገዥ ይከተላል። የእድገቱ ምንጭ ይኸው ነው።

ችግሩ የነበረው በክፍያው ላይ ነው። በፖስታ የሚላክ ቼክ ቀናት ይፈጃል። ኢቤይ በ1999 ቢልፖይንት የተባለ የክፍያ ድርጅት ቢገዛም፣ ደንበኞቹ ግን ፔይፓልን መረጡ። በመጨረሻም በ2002 ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ገዛ፤ ቢልፖይንትንም ዘጋ። በዚያን ጊዜ ከፔይፓል ሥራ ከግማሽ የሚበልጠው ከኢቤይ ገበያ የሚመጣ ነበር። ገበያው አስቀድሞ የፈጸመውን ጋብቻ ግዥው አጸደቀው።

በ2005 ደግሞ ኢቤይ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅት የሆነውን ስካይፕን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሐሳቡ ገዥና ሻጭ በድምፅ ቢነጋገሩ ንግዱ ይፋጠናል የሚል ነበር። የስካይፕ ተጠቃሚ በእርግጥ እየበዛ ሄደ፤ የሐራጁ ደንበኞች ግን ብዙም አልፈለጉትም። በ2007 ኢቤይ ከዚህ ግዥ የተነሣ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አሰፈረ።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ሌላው ጉድለት ነው። የስካይፕ ተጠቃሚዎችን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ዋናው ፕሮግራም በግዥው ውስጥ አልነበረም። መሥራቾቹ በሌላ ድርጅታቸው ስም አስቀርተውት፣ ስካይፕ በፈቃድ ብቻ ይጠቀምበት ነበር። ቤቱ ተሸጦ መሠረቱ በኪራይ ቀረ እንደ ማለት ነው። በ2009 ኢቤይ አብዛኛውን የስካይፕ ድርሻ ለባለሀብቶች ሊሸጥ ሲነሣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሽያጩም የተፈጸመው መሥራቾቹ የአክሲዮን ድርሻ አግኝተው ከታረቁ በኋላ ነው። በ2011 ማይክሮሶፍት ያንኑ ስካይፕ በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በሬው ብርቱ ነበር፤ የኢቤይ ጥማድ ግን አልነበረም። መልካሙም ጥማድ ቢሆን ለዘለዓለም አይዘልቅም፤ ፔይፓል ከኢቤይ ገበያ ውጭ ሰፊ ደንበኛ አፍርቶ በ2015 ራሱን ችሎ ወጣ።

እንግዲህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ። የገዥው ደንበኞች የሚገዛውን አገልግሎት ዛሬውኑ ይጠቀሙበታል? ቢነቀል ሥራውን ሁሉ የሚያቆመው ክፍል የማን ንብረት ነው? ሁለቱ ሲጣመሩስ የማን ድካም ይቀልላል? የሒሳብ ባለሙያ ዋጋውን ይተምናል፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አጥርቶ የሚመልሰው መሣሪያውን ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ነው። መሐንዲስ ከፊርማ በኋላ ለጥገና ከሚጠራ፣ ከፊርማ በፊት ለምርመራ ቢጠራ ይሻላል። ካልተጠራም ያየውን ጉድለት በጽሑፍ ማቅረብ የሙያው ግዴታ ነው።