ዐውደ ዓመት በሰው አገር

(በሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በዚህ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ እንደ ልማዱ ስለ ሒሳብ አያያዝ ወይም ስለ ምርመራ ሥራ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የታሰበ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላችን በየዓመቱ ለሥራም ለትምህርትም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣት የሙያ ጓደኞቻችን ቁጥራቸው ቀላል ስላልሆነ፣ በሰው አገር ከተማ የሚኖር ሰው የዘወትር ኑሮውንና በዓሉን እንዴት እንደሚያሳልፍ ካየሁትና ከደረሰብኝ እንዳጫውታችሁ ታዘዝሁ። እኔም ከ1976 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሒሳብ መርማሪነት ስለ ኖርሁ፣ ከዚያ ዘመን ውስጥ አብዛኛውን የሌላውን መዝገብ እየመረመርሁ የራሴን ሳልመረምር ማሳለፌን ዛሬ በፊታችሁ ልናገር ፈቅጃለሁ።

በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን እንደ ዛሬው ኢትዮጵያዊ የበዛባት ከተማ አልነበረችም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አገራቸውን ለቀው የወጡትና፣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣ ወዲህ የገቡት ወገኖቻችን፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር በ18ኛው ጎዳና ግራና ቀኝ ምግብ ቤት መክፈት ጀምረው ነበር። በኋላ ይኸው ንግድ ወደ ዩ ስትሪት አካባቢ፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተስፋፋ። ጤፍ እንደ ልብ የማይገኝ በመሆኑ እንጀራው ከስንዴና ከሌላም ዱቄት እየተቀየጠ ይጋገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጠቅላይ ግዛት ጤፍ መዘራት ከተጀመረ በኋላ ግን ችግሩ ቀስ በቀስ ተቃለለ። ቡና የሚቆላበት ቀንም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በጣሪያው ላይ የተተከለው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል የቡናን ጭስ ከቃጠሎ ጭስ ስለማይለይ፣ አንዱ ሲቆላ ሌላው መስኮት ከፍቶ ጭሱን በጋዜጣ እያራገበ ከደወሉ ያርቃል። ይህን ሁሉ ሰው ይለምደዋል። የባቡሩን ሰዓት፣ የጥርን በረዶ፣ ግድግዳ ተጋርቶ እየኖሩ ጎረቤትን አለማወቅን እንኳ ሳይቀር ይለምደዋል።

ያልለመድሁት ነገር ቢኖር የበዓልን ቀን ነው። በአገር ቤት በዓል በራሱ እግር ይመጣል። በጉ በየመንገዱ ሲጮኽ፣ ተሳፋሪው ዶሮ አንጠልጥሎ ታክሲ ውስጥ ሲገባ፣ የጎረቤት ቁሌት ሽታ አጥር ዘሎ ሲመጣ፣ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ በር ሲመቱ፣ ቀኑን የዘነጋ ሰው ቢኖር እንኳ ሳይወድ ያስታውሰዋል። በሰው አገር ግን በዓል አይመጣም። በገና ጠዋት፣ ማለት በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዩዌሪ 7 ቀን፣ ከቤት ስወጣ የማየው አሜሪካውያን የራሳቸውን ገና አክብረው ከጨረሱ በኋላ አውጥተው መንገድ ዳር የጣሉትን የደረቀ የጥድ ዛፍ ነበር። ለእኔ ገና የሆነው ቀን ለከተማይቱ ቆሻሻ የሚነሣበት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነበር።

የእኛ ሙያ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። ጃንዩዌሪ ብዙዎቹ ድርጅቶች ያለፈውን ዓመት ሒሳብ የሚዘጉበት ወር ስለሆነ ገና በዚያ መካከል ይወድቃል። የግለሰቦች የገቢ ግብር የሚቀርብበት የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 በመሆኑ ስቅለትና ፋሲካ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ግርግር አይርቁም። የፌዴራሉ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ ማለት በእኛ መስከረም 20 ገደማ በመሆኑ፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም ከመዝጊያው ሥራ ጋር ይጋጫሉ።

ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቼ እኔም አንድ ዘዴ አበጀሁ። በዓሉ በምንም ቀን ይዋል፣ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ አስተላልፈው ጀመር። ገናም ቅዳሜ፣ ጥምቀትም ቅዳሜ፣ እንቁጣጣሽም ቅዳሜ ሆነ። በትክክለኛው ቀን ከቢሮ ወደ አዲስ አበባ ስደውል እናቴ «ልጄ፣ ምን ሠራችሁ?» ትለኛለች። «ዶሮ ነው እማዬ» እላታለሁ። በጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግን በወረቀት የተጠቀለለ ሳንድዊች ነበር። ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ መመዝገብ በሙያችን ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባኛል። ፈቃድ የከለከለኝ አለቃ አልነበረም፤ እኔ ራሴ አልጠየቅሁም። እንግዳ ነኝ፣ አነጋገሬም ስሜም እንግዳ ነው፣ በዚህ ላይ ሌላ እንግዳ ነገር አልጨምር እያልሁ ዝም አልሁ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፍርሃት ነበር።

በዚያው መሥሪያ ቤት አንድ የወሎ ሰው፣ እስላም የሆነ ወንድማችን፣ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ወደ አለቃችን ይገባና «ጨረቃ ዛሬ ማታ ከታየች ነገ አልመጣም፤ ካልታየች ከነገ ወዲያ አልመጣም» ብሎ በግልጽ ይናገራል። አለቃውም በመጀመሪያው ዓመት ግራ ቢጋባም፣ በሁለተኛው ዓመት ራሱ «ጨረቃዋ እንዴት ናት?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። የበዓሉን ቀን ከዋዜማው በፊት ለይቶ ማወቅ የማይችለው ሰው ደፍሮ ሲናገር፣ ቀኑ በመቁጠሪያ ላይ የተጻፈልኝ እኔ ግን ተደብቄ እኖር ነበር። ይህን እያየሁም አልተማርሁም።

ያስተማረችኝ ልጄ ናት። በ1993 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ «አባዬ፣ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። እኔ ቀኑን ሳስተላልፍ እውነተኛውን ቀን አውቀው ነበር፤ እርሷ ግን የምታውቀው የተላለፈውን ብቻ ነው። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አመለከትሁ፤ ወዲያው ተፈቀደልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ክቡራንና ክቡራት፣ ፈቃድ የወሰድሁበት ቀን መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። በእነርሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ ማክሰኞ ነው።

መኖሪያችን አርሊንግተን ነበር። ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ፣ ባለቤቴ ዳቦውን አውጥታ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ቡና ሊቆላ ሲል የኒው ዮርኩን ወሬ በቴሌቪዥን ሰማን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሲሆን ሦስተኛው አውሮፕላን እዚያው አርሊንግተን በሚገኘው በፔንታገን ላይ ወደቀ። በመስኮታችን ጭሱ ታየ። ወዲያው በራችን ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሜሪካዊት ወይዘሮ ነበሩ። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት ስለ አየሩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ልጃቸው የሚሠራው ፔንታገን ነው። ስልኩ አልገባ ብሏቸው፣ በየበሩ አንኳኩተው ያገኙት ሰው እኛን ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበር፤ እኛ ቤት የተገኘነው በዓል ስለሆነ ነው።

አስገብተን አስቀመጥናቸው። እኔ ዳቦውን ከፊታቸው ላነሣ ስል ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። «ሰው ቤት ገብቷል፤ ቁረስ» አለች። ቆረስሁ። ወይዘሮዋ ግን ቁራሹን በእጃቸው እንደ ያዙ ሳይቀምሱ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆዩ። ልጃቸው ከሕንፃው በእግሩ ወጥቶ፣ ስልክ ያገኘው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነበር። ድምፁን ከሰሙ በኋላ አልቅሰው አልቅሰው፣ ከዚያ ዳቦውን በሉና «ለመሆኑ በዓሉ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ዓመታችን ዛሬ ይጀምራል አልናቸው። ዝም ብለው አዩን።

በዚያ ቀን በፔንታገን ብቻ 184 ንጹሓን ሰዎች ሞተዋል። የእርሳቸው ልጅ ተረፈ፤ የሌሎች ልጆች አልተረፉም። ወደ አዲስ አበባ ስልክ የገባልኝ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ነግቶ ነበር። እናቴ ምን ሠራችሁ አላለችኝም። «አላችሁ?» አለች። «አለን» አልኋት። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቆርሰን ከጎረቤት ጋር መብላታችንን ነገርኋት፤ ከብዙ ዓመት ወዲህ ስለ በዓል የነገርኋት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋ የኀዘን መታሰቢያ ይዛለች። ሌላው ሲያለቅስ እኛ እንዴት እንደሰት ብዬ በዓሉን እንደ ገና ወደ ቅዳሜ ለማስተላለፍ አስቤ ነበር። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮዋ አበባ ይዘው ቆመዋል። «ዓመታችሁ ዛሬ አይደለም ወይ?» አሉ። በመጀመሪያ ቆመን ለሞቱት በየልባችን ጸለይን፤ ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ። አገሬ እስክመለስ ድረስ ሥርዓታችን ይኸው ሆነ። በዘመነ ዮሐንስ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ በየአራት ዓመቱ ኀዘኑና በዓሉ በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ በዚያ ዓመት ሁለቱንም ቀን አብረን እንቀመጥ ነበር።

መገጣጠም ሁሉ ደግሞ የኀዘን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በሚከበርበት ሰኞ ነበር። በማግስቱ፣ ጥር 12 ቀን፣ ባራክ ኦባማ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያን ጊዜ ቢሮው ተዘግቶ፣ ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቆ፣ ነጭ ለብሰን ስንወጣ የማያውቁን ሰዎች ፈገግ ብለው ሰላምታ ይሰጡን ነበር።

አሁን ለምትሄዱት ወጣቶች የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። በአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚዘጉባቸው በዓላት 11 ናቸው፤ የመጨረሻው፣ የባርነት ማብቂያ መታሰቢያ የሆነው ጁን 19፣ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከእነዚህ አንዱም የእኛ አይደለም፤ የግል አሠሪም ለበዓል ቀን እንዲከፍል የፌዴራሉ ሕግ አያስገድደውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና በ1972 የተሻሻለው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከ15 ያላነሱ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ከባድ ችግር ካልገጠመው በቀር የሠራተኛውን የሃይማኖት ሥርዓት እንዲያመቻችለት ያዛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪው ጥቂት ወጪ አለብኝ በማለት ብቻ እንቢ ሊል እንደማይችል፣ የሚደርስበት ሸክም በእርግጥ የከበደ መሆን እንዳለበት ገልጿል። ስለሆነም የዓመቱን በዓላት በእነርሱ አቆጣጠር ለውጣችሁ፣ ፋሲካና ዒድ በየዓመቱ እንደሚዘዋወሩ ገልጻችሁ፣ ሥራው ሳይከማች አስቀድማችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ልመና አይደለም። የእናንተን ቀን የሚሸፍንላችሁን ባልደረባም በእርሱ በዓል ቀን ሸፍኑለት።

በመጨረሻም፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ነገሩን ወደ ቤታችን ልመልሰው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። በየመሥሪያ ቤታችን ከሩቅ የመጡ ባለሙያዎች ከእኛ ጋር ይሠራሉ። ታኅሣሥ 16 አካባቢ፣ በእነርሱ ዲሴምበር 25 ቀን፣ የብዙዎቹ ገና ነው። ያን ቀን ለእኛ ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ ስብሰባ እንጠራቸዋለን፤ እነርሱም እንግዶች ናቸውና ምንም አይሉም። እኔ ያ ዝምታ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። በኪሳቸው ውስጥ ስልክ ይዘው ለእናታቸው ምን እንደሚነግሯት እያሰቡ ይሆናል። እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ፣ እያንዳንዳችን በየቢሯችን ያለውን እንግዳ «በዓልህ መቼ ነው?» ብለን እንድንጠይቀው አደራ እላለሁ።